ወጠጤው ያዋጣ ነበር ወይ

«‹እግሬ እሷ ነበረች› እያለ አባቴ የሚያወራልሽ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ። ሳን ሆዜ፣ የአበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ምስርና ክክ ከተደረደረበት መደርደሪያ አጠገብ ነን። እጄ ላይ የሽሮ ከረጢት ይዣለሁ። ሴትዮዋን በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች፤ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ የሆስፒታል ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። «ትርሲት አይደለሽ? ፎቶሽ እኮ ቤታችን አለ! ቁልፍ የተሰቀለበት ሰሌዳ ፊት ከአባቴ ጋር ቆማችሁ። ሶስና እባላለሁ፤ የሽፈራው ልጅ ነኝ።»

ካልተቀደምኩ የማላወራው ነገር የለም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚያሙኝ በዚህ ነው። ያን ቀን ግን «እንዴት ነሽ?» ብቻ ነው ከአፌ የወጣው። እሷ አቀፈችኝ። ሦስቴ ሳመችኝ። «መኪና ውስጥ ነው ያለው» አለች፣ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያመለከተች። «ጉልበቱ መውጣት መውረዱን ስለማይወድ ትቼው ነው የገባሁት። ይህችን ከፍዬ እስክጨርስ ጠብቂኝና አብረን ሄደን ሰላም በይው። ቢያይሽ እንዴት እንደሚደሰት!» ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ አንድ ብቻ ናት። ከሶስና ፊት አራት ሰው ተሰልፏል፤ የመጀመሪያዋ ሴትዮ በርበሬውን ማን እንዳስፈጨው ሳይነገረኝ አልከፍልም ብላ ሰልፉን ይዛዋለች። የሽሮውን ከረጢት እንደታቀፍኩ ከሶስና ኋላ ቆምኩ። ቁጭ ብሎ መጠበቅም ሆነ ቆሞ መጠበቅ አልወድም። እግሬ ውጣ ውጣ ይለኛል። ግን የት እሄዳለሁ? ብቸኛው በር ጋሽ ሽፈራው ባሉበት በኩል ነው።

ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ከብሮድዌይ አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ አራት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ዛሬ ፈርሶ አፓርትመንት ተሠርቶበታል፤ ምድር ቤቱ ላይ ውሻ የሚታጠብበት ሱቅ ከፍተዋል። ያኔ ሲገባበት የሚቀበለው የረጠበ ሲሚንቶ፣ የተቃጠለ ፍሬንና የሽንት ሽታ ነው። ያ ሽታ ዛሬም የትም ፓርኪንግ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ይመልሰኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪኩ ሳይመጣልኝ፣ ዲቪው ግን መጥቶልኝ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ። ሠራተኞቹ እኛው ነን፤ አንዱ አንዱን እያስቀጠረ፣ ከሱፐርቫይዘሩ በቀር ሁላችንም አበሻ ሆነን ቀረን። ጠዋት የቢሮ ሰዎች መኪናቸውን ከነቁልፉ በር ላይ ጥለውልን ይሄዳሉ። ቦታው ስለማይበቃ አንዱን ከአንዱ ኋላ አስጠግተን እንደረድራለን፤ ቁልፉን ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ እንሰቅላለን። አምስት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ቲኬቱን ይዞ ይጎርፋል። ያን ጊዜ አንዱ ሰው ቁልፍ ነጥቆ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ ፊት ያለውን መኪና አንስቶ ኋላ ያለውን ያወርዳል። ሊፍቱ ሠርቶ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይህን የሚሠራው ሰው «ራነር» ይባላል፤ ሯጭ ማለት ነው። እኔ ካሸር ነበርኩ፤ የስልክ ቤት በምታህል የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት የምቀበል። መቀመጥ የማይሆንላትን ልጅ ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት።

ወንዶቹ ያኔ ትከሻው የሰፋ፣ የሚያብለጨልጭ የቡድን ጃኬት ይለብሱ ነበር። በወገባቸው ላይ ፔጀር። ፔጀሩ ሲጮህ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ኳርተር፣ የሃያ አምስት ሳንቲሟን፣ ይዘው ይሮጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የደወለችው ሚስት ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልገው ወተት ነው። ከቻይናዋ ምግብ ቤት ሩዝ በዶሮ በሦስት ዶላር ገዝተን ለሁለት እንካፈላለን። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን አዲስ አበባ ደውለን፣ «ሄሎ! ይሰማል?» ስንባባል ግማሹ ያልቃል። እኔ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሼ ስመጣ ጋሽ ሽፈራው «ምነው፣ ገንዘብ አጠረሽ እንዴ? ጨርቅ ልግዛልሽ?» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ከኩባንያው ሰደርያ ሥር ሁልጊዜ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ከነክራቫቱ ነው የሚለብሱት። መኪና ለማውረድ ክራቫት! አንድ ደንበኛ የጋራዡ ባለቤት መስለውት ስለ ዋጋው ጮኾባቸዋል። እሳቸውም «አስብበታለሁ» ብለው ሸኙት።

የዚህን አገር ኳስ ያስተማረን ሱፐርቫይዘራችን ከርቲስ ነው። ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ሆዱ ከቀበቶው የሚቀድም፣ ቢሮው ውስጥ የድሮ የፍቅር ዘፈን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያስጮህ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቡድኑ ለዓመታት ከተማውን ጥሎ ሄዶ የተመለሰ ሰሞን ነው። ከተማው በሙሉ አብዷል። እኛም አብረን አበድን። እሑድ ቅዳሴው ሲረዝም ሙሉጌታ፣ ከእኛ ሁሉ ጯሂው፣ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ ቄሱ ሳይቀሩ አይተው ፈገግ ይሉ ነበር። ሰኞ ሰኞ ሥራችን ክርክር ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ በየዓመቱ በጸደይ ቡድኖቹ ከኮሌጅ የወጡትን ልጆች በየተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። ክፉኛ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። እኛ ደግሞ መሸነፍ ስለምናውቅበት ምርጫችን ሁልጊዜ ከፊት ነው። ያን የመጀመሪያ ምርጫ አንድ ዓመት ላይ ሯጭ ወሰዱበት፤ ኳሷን ታቅፎ በሰው መሀል እየሰነጠቀ የሚያልፍ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት ልጅ። ጋሽ ሽፈራው ወጠጤው ብለው ስም አወጡለት። ግንባሩን አቀርቅሮ ሲገባ በእርግጥም ወጠጤ ነው።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዡ ለሁለት ተከፈለ። ሙሉጌታ፣ «ተከላካይ ለሌለው ቡድን ሯጭ ምን ያደርግለታል? ሯጭ እኮ ሦስት ዓመት ነው ዕድሜው። ከዚያ ጉልበቱ ያልቃል፣ ይጥሉታል» ባይ ነው። እኔም ከሙሉጌታ ጋር ነኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ ኳሱ ብዙም አላውቅም ነበር፤ ክርክር ነው የምወደው። ጋሽ ሽፈራውና ከርቲስ ደግሞ የወጠጤው ወገን ናቸው። ጋሽ ሽፈራው በወጣትነታቸው ለሰፈራቸው ቡድን በክንፍ የሮጡ ሰው ስለነበሩ ሯጭ ሲነካባቸው ያማቸዋል። «የሮጠ ሰው ያውቀዋል» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

እንግዲህ በሁለት ዓመቱ፣ የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ዝናብ የጣለ ቀን ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዘይት የፈሰሰበትን ቦታ ረግጠው ወደቁ። ማንም አላየም። እያነከሱ ወረዱና «ጫማዬ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጫማ ቀየሩ፤ ማነከሱ አልተቀየረም። ከሱሪያቸው ሥር ጉልበታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አብጦ ይታያል። ለከርቲስ አልተናገሩም። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሶስና የምትባል አንዲት ልጅ አዲስ አበባ አለቻቸው። እናቷ ሞታ አክስቷ ጋ ነው ያለችው። እሳቸው በሱዳን አድርገው ከአገር ሲወጡ ሕፃን ነበረች። ወረቀቷን አስገብተዋል፤ ኤምባሲው ለኢንተርቪው ሊጠራት ወራት ነው የቀረው፤ ሲጠራት አባቷ ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚመሰክር አዲስ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል። ሃያ አንድ ከሞላት የልጅነት ፋይሏ ይዘጋና ዓመታት ወደሚፈጅ ሌላ ሰልፍ ትዛወራለች። ይህን ሁሉ እኔ በደንብ አውቃለሁ። ከኤምባሲ የመጣውን ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛው ሲጠጥርባቸው፣ በዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ማንም ሳይማከር አንድ ነገር ጀመርን። ቲኬት ሲመጣ ጋሽ ሽፈራው ከወንበራቸው ብድግ ከማለታቸው በፊት አንዳችን ቁልፉን ከሰሌዳው ላይ እንነጥቃለን። «እኛ እያለን እርስዎ ሊሮጡ? ነውር አይደለም እንዴ ጋሼ!» እንላለን። እሳቸውም «ኧረ ተዉኝ፣ ምን ሆንኩና» ይሉና ይቀመጣሉ። ስለ ጉልበት ትንፍሽ ያለ የለም። ለታላቅ የሚገባ ክብር ነው፣ በቃ። እሳቸውም እንደዚያ ተቀበሉት፤ ማወቃችንን ቢያውቁም እንዳላወቀ ሆኑ። ከርቲስ ሳይቀር «ይህ የእናንተ አገር ባህል እንዴት ደስ ይላል! እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲያይ ወንበር የሚለቅ የለም» እያለ ለደንበኞች ያወራ ጀመር። እሱም «ጋሼ» ማለት ለመደ። አብዛኛውን የምሮጠው ግን እኔ ነበርኩ። ሳጥኗ ውስጥ እሳቸውን አስቀምጬ፣ ሰደርያ አጥልቄ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ። ደስ ይለኝ ነበር። እግሬ ያኔ ክንፍ ነበረው። ቁልፍ በእጄ፣ ከላይ የከርቲስ ዘፈን ሲንቆረቆር፣ ከአራተኛ ፎቅ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ሲያብለጨልጭ፣ ከማዶ ጭጋጉ ዳሊ ሲቲን ሲሸፍን አይቼ እወርዳለሁ። በሕይወቴ ሰው የጠቀምኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ስምንት ወር ነው። እዚያ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ሰኞ ነው። ረፋድ። ጠዋት የገቡት መኪናዎች ተደርድረው አልቀው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያለችው የእረፍት ጊዜ። በዋዜማው ወጠጤው ጉልበቱን ተመትቶ በሰው ድጋፍ ከሜዳ ወጥቷል። ሙሉጌታ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ «አለቀ!» አለ። «እንኳን ለዘንድሮ ለሚመጣውም አይደርስም። አልነገርኳችሁም? በመጀመሪያ ምርጫችን ሥጋ ገዛንበት።»

«ምላስህ ይታጠፍ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከወንበርህ ያስነሳህ ማነው? ያልመጣው ተከላካይህ ነው?»

«ጋሼ ይሙቱ! ሦስት ዓመት ምን ይሠራል? ተከላካይ ቢሆን አሥር ዓመት ይቆይልን ነበር።»

«ሮጧል። እንደዚያ የሮጠልህን ሰው ያዋጣል አያዋጣም እያልክ ታገላብጠዋለህ? እሱ ለበግ ነው።»

እየተሳሳቅን ሳለ ከርቲስ ከአንዲት ሴት ጋር ከቢሮው ወረደ። ግራጫ ሱፍ የለበሰች፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ የያዘች ሴት ናት፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሥራችንን ልታይ እንደመጣች ጠዋት ተነግሮናል። ወዲያው ክርክሩን ወደ እንግሊዝኛ አዞርነው። አማርኛ የማይሰማ ሰው መሀላችን ሲቆም በራስ ቋንቋ ማውራት ብልግና ነው ብለው ያስተማሩን ራሳቸው ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ከርቲስ የክርክሩን ጫፍ ሲይዝ ሊቀር ነው? «ልጁን አትንኩት፣ ይመለሳል!» ብሎ ገባበት። ሴትዮዋም ፈገግ ብላ ቆመች። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰማኝ ይብስብኛል። ከሳጥኔ ወጣሁ። «ጉልበት የሌለው ሯጭ ምን ይሠራል?» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ዛሬውኑ ያሰናብቱት። ነገ ቢሆን ዘገዩ።» ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ጣመኝ።

ጋሽ ሽፈራው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀስ ባለች የትምህርት ቤት እንግሊዝኛቸው፣ «ይህች ልጅ ኳሱን ካየች ሦስት ክረምቷ ነው» አሉ። «ስለ ጉልበት ምን ታውቃለች? ሥራዋ ተቀምጣ ቲኬት መቁጠር ነው።» ቀልድ ነው። ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፤ ሙሉጌታ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ መታ። ተቀምጣ? እኔ? ያን ደረጃ ስምንት ወር ሙሉ የፈጀሁት እኔ? ከዚያ የወጣው ቃል ዛሬም ጥርሴን ስቦርሽ፣ መብራት ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሳላስበው ይመጣብኛል።

«ስለ ጉልበት አላውቅም? ከየካቲት ጀምሮ የእርስዎን መኪናዎች የሚያወርደው ማን ሆነና ነው? ከወደቁ ወዲህ አንድ ደረጃ መውጣት አይችሉም እኮ! ከርቲስ፣ እስቲ አንተ ፍረድ፤ እሳቸውን ድራፍት ታደርጋለህ?»

የመጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ሳቅ ሊመጣ ሲል ተሰምቶኝ ነበር። መንገድ ላይ ቀረ። ሙሉጌታ አንገቱን ደፋ። ከርቲስ ጋሽ ሽፈራውን አየ፣ ቀጥሎ ፋሻው ያበጠበትን ሱሪ አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ሴትዮዋ ፈገግታዋን ሳትሰበስብ «የወደቁት ሥራ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሽፈራው ግን እሷን አላዩዋትም። እኔን ነው ያዩት። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ቃሉ ሲከብዳቸው የሚያዩኝ አስተያየት ነው፤ ድገሚልኝ፣ ምን ማለት ነው የሚል።

እንደ ክፉ ዕድል አንድ ደንበኛ ቲኬቱን ይዞ መጣ። አራተኛ ፎቅ። ጋሽ ሽፈራው ተነሱ፤ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ሙሉጌታ እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ...» ሲል «ተቀመጥ!» አሉት። እንዲህ አድርገው ተናግረውት አያውቁም። ቁልፉን ይዘው ደረጃውን ጀመሩ፤ በሩጫ ጀመሩ። ያ ደረጃ ቤት ያስተጋባል፤ እያንዳንዷን ኮቴ ሰማን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ አንድ... አንድ። ከዚያ የብረቱ ድጋፍ ሲጮህ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና አንድ። ደንበኛው ሰዓቱን አየ። የከርቲስ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ፍቅሯ ትዘፍናለች፤ ከርቲስ ሄዶ ዘጋው። ብዙ ቆይቶ መኪናው ፍሬኑ እያፏጨ ወረደ። ጋሽ ሽፈራው ወጥተው በሩን ለደንበኛው ያዙለት፤ ነጩ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። «መልካም ቀን» አሉት። ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

በሳምንቱ ሐኪም አይቷቸው ለሥራው ብቁ ናቸው ብሎ እንዲፈርም የሚጠይቅ ወረቀት መጣ። ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ አልፈርምም አለ። ከርቲስ ቢሮው ጠርቶ መሰናበታቸውን ሲነግራቸው ኮፍያውን አውልቆ ነበር አሉ። ሶስና ለኢንተርቪው በተጠራችበት ወር የሥራ ደብዳቤ አልነበረም። ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዋስ ሲፈላለግ ታኅሣሥ ገባ። ልጅቷ ሃያ አንድ ሞላት። አለቀ።

የመጨረሻ ቀናቸው ሰደርያውን አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ይዘው መጡ። ሁሉንም በእጃቸው ጨበጡ። ከርቲስ ከመድኃኒት መሸጫው የገዛትን አንዴ ብቻ የምታገለግል ካሜራ ይዞ ነበር። እኔ ሳጥኔ ውስጥ ገብቼ የተቆጠረ ቲኬት እንደገና እቆጥራለሁ። መስታወቱን አንኳኩ። «ነይ ውጪ፣ አብረን እንነሳ» አሉኝ። ወጣሁ። ሰሌዳው ፊት አጠገባቸው ቆምኩ። ፎቶውን አይቼው አላውቅም፤ ግን ካሜራውን እንዳላየሁ አውቃለሁ፤ ቁልፎቹን ነበር የማየው። ይቅርታ አላልኩም። ሙሉጌታ ማታውን ደረጃው ሥር ይዞኝ፣ «ሽማግሌ ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ፤ እኔው አብሬሽ እሄዳለሁ» ሲለኝ ምን ብዬ መለስኩለት? «ምን አጠፋሁ? ውሸት ተናገርኩ?» ይህን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ይዤው ዞርኩ። እውነት ተናጋሪ ነኝ እያልኩ ሰው ፊት እኮራበት ነበር። ጉልበታቸው እውነት ነው፣ ደረጃው እውነት ነው፣ እኔ መሮጤ እውነት ነው። ለሳቅ ብዬ መናገሬን ግን፣ ሰው ሳቀብኝ ብዬ መናገሬን ግን፣ ከዚህ በፊት ለማንም አላወራሁም።

በዚያው ዓመት ሳን ሆዜ ያለ የአክስቴ ልጅ ጋ ገባሁ። ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ቁጭ ብዬ የምበይድበት ሥራ አገኘሁ፤ ቁጭ ብዬ! ከፋብሪካው በር ላይ ካለው ስልክ አንድ እሑድ ኳርተር ከትቼ ደወልኩላቸው። «ሄሎ» አሉ። ከኋላቸው ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ኳስ ነው። «ሄሎ? ማነው?» ዘጋሁት። ኳርተሩ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ኦክላንድ ለሠርግም ለለቅሶም ስጠራ ሬድውድ ሲቲ ካለው ሁለተኛ ሥራዬ ፈቃድ አላገኘሁም እላለሁ። ሁለተኛውን ሥራ ከለቀቅሁ በኋላም እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ።

የበርበሬዋ ሴትዮ ከፍላ ሄደች። ሶስና ወደ እኔ ዞረች። «ሥራ ሲቀንሱ መጀመሪያ የቀነሱት እሱን ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ። «‹ያቺ ልጅ ግን እኔን ለማስቀረት ስንት ተሟገተች፤ የልጅ አዋቂ ናት› እያለ ነው የሚነግረን። ከዚያ በኋላ እኔ ስድስት ዓመት ተጨማሪ ጠበቅሁ። አክስቴም መሀል ላይ አረፈችብኝ። ኤርፖርት ስመጣ እኮ አባቴ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ! እሱ የሚጠብቀው ፎቶ ላይ ያለችውን ልጅ ነው።» እየሳቀች ነው የምታወራው። ደጋግማ የሳቀችበት ወሬ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ሶስና» አልኩ።

«አቤት?»

«ቀጣይ!» አለች ካሸሯ። ሶስና ዕቃዋን መደርደር ጀመረች። እኔ የሽሮውን ከረጢት ያገኘሁት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት።

ወጣን። ትንሽ ነጭ መኪና ነው፤ ጋሽ ሽፈራው የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ኮፍያ፣ ከዘራ፣ ክራቫት። ሶስና በሩን ከፍታ «አባዬ፣ ማንን እንዳመጣሁልህ ገምት!» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ዕቃዋን ልትጭን ወደ ኋላ ሄደች። ቀና ብለው አዩኝ። ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ትርሲት! አፍሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ይኸው፣ ልጄ ትሾፍረኛለች።» እጃቸውን ሰጡኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ። ሽታቸው አልተለወጠም፣ የካውያና የሳሙና ነው። «ቡድኑ ደግሞ ጥሎን ሄደ፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሺ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ? ወጠጤው ያዋጣ ነበር ወይስ አያዋጣም?»

«ጀመራችሁ!» አለች ሶስና ከመኪናው ኋላ፣ ከረጢት እያንኮሻኮሸች።

«ያዋጣ ነበር» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጆሮዬም እንደ ጉልበቴ ሆኗል።»

«ያዋጣ ነበር ጋሼ።»

«እሱን ማመንሽ ነው?» ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ሙሉጌታ ይህን ሳይሰማ!»

ሶስና የታሸገ ውሃ ጥቅሉን ለማስገባት እየታገለች ነበር። ጎንበስ አልኩ፤ እጄ የመኪናውን በር ጫፍ ይዟል። «ጋሼ፣ ያኔ፣ ያን ሰኞ...»

ሳቃቸው ቆመ። በጎን መስታወቱ ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ በሩን የያዘውን እጄን በሁለት ጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«በሩን ዝጊልኝ» አሉ። «ነፋስ ገባ።»

ዘጋሁላቸው። መኪናዬ ከሱቁ ጀርባ ነው ያቆምኳት። ወደዚያ ሄድኩ።